«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ፦ «ቀስ» እዚህ ላይ «ዝግ» ማለት ነው?

የሐይቅ ዳሯ፦

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ጠዋት እዚህ ሐዋሳ ከፒያሳ ወደ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ በባጃጅ ስሄድ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አየሁ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «አትቸኩል» ማለት ነው ብዬ ነው የማውቀው። ሹፌሩን «ቀስ ብለህ ንዳ ለማለት ነው አይደል?» ስለው «አይደለም እህቴ» አለኝ። «ለዚህች ባጃጅ አራት ዓመት ዕቁብ ጥያለሁ፣ አንድ ቀን አልዘለልኩም። እሱን እንዳልረሳ ነው የለጠፍኩት።» ዓሣ ገዝቼ እስክመለስ ድረስ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም። የቱ ነው ትክክሉ? ጋሼ ታቦር ሥር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

ታቦር ሥር፦

ልጄ፣ ሹፌሩ ልክ ነው። ጥያቄሽ ደግሞ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ስለሆነ በደንብ ልመልስ።

«ቀስ» ብቻውን ሲሆንና «ቀስ በቀስ» ሲሆን አንድ አይደሉም። «ቀስ በል» ስንል ፍጥነት ቀንስ፣ ተጠንቀቅ፣ ዝግ በል ማለታችን ነው። «ቀስ በቀስ» ላይ ግን መሃል የገባችውን «በ» ተመልከቺ። «ደረጃ በደረጃ»፣ «ተራ በተራ»፣ «ጥቂት በጥቂት» እንደምንለው ነው። አንዱ ባለፈበት ሌላው ይከተላል፣ አንዱ ባለበት ላይ ሌላው ይጨመራል። ስለዚህ ቃሉ ስለ ፍጥነት ብዙም አያወራም። የሚያወራው ስላለመቋረጥ ነው። ዝግ ያለ ሰው ቆሞም ሊሆን ይችላል፤ ቀስ በቀስ የሚሠራ ሰው ግን አልቆመም።

አሁን ወደ እንቁላሉ እንምጣ። ተረቱን የተናገረው ሰው ዶሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ዶሮ ከታቀፈች ጫጩቱ እስኪፈለፈል 21 ቀን ገደማ ይፈጃል። በእነዚያ ቀናት ከውጭ ብታዪው ምንም የለም። አሥረኛው ቀን ላይም ያው እንቁላል ነው፣ አሥራ ስምንተኛው ላይም ያው። ጫጩቱ ቅርፊቱን መስበር የሚጀምረው መጨረሻው ላይ ነው። ዶሮዋ ግን በየቀኑ በምንቃሯ ታገላብጠዋለች፣ ለትንሽ ጊዜ ወርዳ ጥሬዋን ለቅማ ውሃዋን ጠጥታ ተመልሳ ትታቀፈዋለች። አንድ ቀን የጨመረችውን ሙቀት ለብቻው ነጥለሽ «ይሄ ምን ሠራ?» ብትዪ መልስ የለውም። ለእኔ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። ዕቁብ ሲሆን ገንዘቡን በየጊዜው መቁጠር ይቻላል፣ የእንቁላሉ ግን አይቆጠርም፤ እየሆነ ያለው ውስጥ ስለሆነ።

ልጅ ሆኜ እናቴ 12 እንቁላል አስታቅፋ ነበር። እኔን ዶሮዋ ታሳዝነኛለች፣ እዚያ ጥግ ተቀምጣ ስታየኝ የታሰረች ይመስለኛል። አንድ ቀን አቅፌ ወስጄ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ለቀቅኳት። የተገኘችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ተመልሳ ታቀፈች፣ ቀኑ ደረሰ፣ አንድም አልተፈለፈለም። እናቴ አልመታችኝም። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አንስታ እያየች «እኮ በእግሩ ሊሄድ ነበር» አለች። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ይህችን ተረት በሰማሁ ቁጥር የሚመጣብኝ የእሷ ድምፅ ነው።

ገበያ ውላ፦

ጋሼ እንባዬ መጣ። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እና «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚሉትም ከዚሁ ጋር ይመደባሉ? ልጆቼ ትምህርት ቤት አንድ ላይ ነው የተማሯቸው።

ታቦር ሥር፦

አይመደቡም እታለም፣ መምህሩም ቢሆን ባይቀላቅላቸው ጥሩ ነበር። እነዚያ ስለ ብዙ ሰው ናቸው፣ በአንድ ጊዜ። የእኛው ስለ አንድ ሰው ነው፣ በብዙ ቀን። «ድር»ን ደግሞ ብዙ ሰው የሸረሪት ድር ብቻ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ሸማኔው «ድርና ማግ» የሚለውን፣ ተፈትሎ የተዘጋጀውን ክር ነው የማስበው። አንዱን ብትበጥሺው በጣት ይበጠሳል።

ግዕዝ ወዳድ፦

እኔ ወደ ቃላቱ ሥር ልውረድ፣ ይህ ርዕስ በጣም ደስ ይለኛል። ሹፌሩ የጠቀሰውን «ዕቁብ» ከግዕዙ «ዐቀበ» ጋር ያዛምዱታል፤ ጠበቀ ማለት ነው። «ዓቃቤ ሕግ» የሚለውም ከዚያው ነው፣ የሕግ ጠባቂ። ስለዚህ ዕቁብ የተጠበቀ፣ የተቀመጠ እንደማለት ይሆናል።

«ዘወትር» ደግሞ አለ። በግዕዝ «ወትር» ሁልጊዜ፣ ሳይቋረጥ ማለት ነው። «እንደወትሮው» ስንል ያው ነው። «ዘ» ፊት ላይ የተጨመረ አገባብ ነበር። አማርኛ ግን «ዘ»ን እንደ ቃሉ አካል ቆጥሮ «አዘወተረ» የሚል ግስ አወጣበት። አንድ ነገር አዘወተርክ ስንልህ ከተቋረጠ ነገር ወደማይቋረጥ ወሰድከው ማለታችን ነው።

ከዚያ «ለመደ» ይመጣል። አንድ ግስ ስንት ልጅ እንደወለደ ተመልከቱ። ልምምድ ዛሬ የምትሠራው ነው። ልማድ ሳታስበው የምትሠራው ነው። ልምድ ደግሞ ከኋላህ የተከማቸው፣ ለሥራ ስታመለክት የምትጽፈው። ለማዳም አለ፣ ሰው የማይሸሸው እንስሳ። ብዙ ሰው «ልማድ» እና «ልምድ»ን ሲያቀያይር አያለሁ፤ «የ10 ዓመት የሥራ ልማድ አለኝ» የሚል ማመልከቻ አንብቤ አውቃለሁ። እባካችሁ ልጆቻችሁን አርሟቸው።

ገበያ ውላ፦

እኔ ግዕዝ አላውቅም፣ የማውቀው የገበያ አማርኛ ነው። እናቶቻችን ሳንቲሙን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ይቋጥሩት ነበር። «ጥሪት ቋጠረች» የሚባለው ለዚያ ይመስለኛል። ግን ይሄ «ቋጠረ» ይገርመኛል። ስንቅ ይቋጠራል። ሰማዩ ዝናብ ቋጠረ ይባላል። የተቃጠለ እጅ ውሃ ይቋጥራል። ቂምም ይቋጠራል! ያው አንድ ቃል ነው። ከባለቤቴ እህት ጋር ሰባት ዓመት አልተነጋገርንም ነበር፣ በአንድ ቀን ጸብ አይደለም። በየበዓሉ አንዲት ቃል፣ አንዲት ዝምታ፣ ያልተመለሰ ስልክ። ስንታረቅ ሽማግሌዎቹ «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ሲሉን ሁለታችንም አንድ ነገር መጥቀስ አቃተን።

ታቦር ሥር፦

ይህንን ማንም መዝገበ ቃላት ከዚህ አሻሽሎ አይጽፈውም። ተረቱን ለበጎ ነገር ብቻ የሚጠቅሱ ሰዎች ይህንን ቢያነቡ እወዳለሁ። እንቁላሉ ለሚታቀፈው ሁሉ በእግሩ ይሄዳል።

«ጥሪት» ከግዕዙ «አጥረየ»፣ ገንዘብ አደረገ፣ የራሱ አደረገ ከሚለው ነው። ግዕዝ ወዳድ ሳይቀድመኝ ልበል።

የሐይቅ ዳሯ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አንድ የመጨረሻ። ተቃራኒውስ? ቀን እየተጨመረ የማይለወጥ ሰው ምን ይባላል? «ከርሞ ጥጃ» እና «እያደር ቃሪያ» አንድ ናቸው?

ግዕዝ ወዳድ፦

አንድ አይደሉም። ከርሞ ጥጃ ዓመቱ አልፎ ያላደገ፣ ባለበት የቀረ ነው። እያደር ቃሪያ ግን ይብሳል። ቃሪያው ቀልቶ በርበሬ መሆን ሲገባው ጭራሽ ወደ አረንጓዴነቱ የሚመለስ፣ ዕድሜ ሲጨምር ብስለቱ የሚቀንስ ሰው ነው። አንዱ የቆመ፣ ሌላው የኋልዮሽ የሚሄድ።

«እያደር» የምትለዋንም ልብ በይ። አማርኛ ለውጥን የሚቆጥረው በሌሊት ነው። «እያደር»፣ «ውሎ አድሮ»፣ «ሲያድር»። ሊጡም የሚቦካው ሲያድር ነው፣ ያውም ከባለፈው ቡኮ በተረፈ እርሾ። አያቴ እርሾዋን ለጎረቤት ሰጥታ፣ የእሷ ሲበላሽባት መልሳ ከዚያችው ጎረቤት ትወስድ ነበር። ያ እርሾ ስንት ዓመት እንደኖረ የሚያውቅ የለም።

ፊደል አስቆጣሪ፦

ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ልጆች ፊደል የማስተምር ሰው ነኝ፣ እኛ «ፊደል ቆጠረ» እንላለን እንጂ «ፊደል አጠና» አንልም። 33 ፊደል በ7 ዓይነት፣ 231። አንድ ቤት በቀን የሚይዝ ልጅ ከአንድ ወር ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይጨርሳል። ወላጆች ግን በሁለተኛው ሳምንት መጥተው «እስካሁን ማንበብ አልቻለም» ይሉኛል። ከዛሬ ጀምሮ የጋሼን ዶሮ ነው የምነግራቸው። ፈቃድዎ ከሆነ።

ታቦር ሥር፦

ፈቅጃለሁ። ስትነግራቸው ግን 12 እንቁላል ነበር በላቸው፣ እናቴ ቁጥር ሲሳሳቱባት አትወድም ነበር።

የሐይቅ ዳሯ፦

ባጃጁን ነገ እዚያው መስመር ላይ ካገኘሁት ይህን ሁሉ አነብለታለሁ። ከአሞራ ገደል እስከ ፒያሳ ያልቅልኝ ይሆን?