ለዕረፍት በሄድንበት አገር ልጃችን ታሞብናል፤ ወደ ሕክምና መቼና እንዴት እንውሰደው?

ጥያቄ፦ ከአንዲት እናት

ውድ አባላት፣ ከቤተሰቤ ጋር ለዕረፍት ከአገራችን ውጭ እንገኛለን። የአራት ዓመት ልጃችን ከትናንት ማታ ጀምሮ ደጋግሞ ያስመልሰዋል፤ ንጋት ላይ ደግሞ ቀጭን ተቅማጥ ጀምሮታል። በብብቱ የለካነው ትኩሳት 38.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ክብደቱ 16 ኪሎ ሲሆን ከዚህ በፊት የቆየ ሕመም የለበትም፣ ክትባቱንም ጨርሷል። ውኃ ስንሰጠው በጉጉት ይቀበልና በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶ ወዲያው ይመልሰዋል። ሲያለቅስ እንባ አለው፤ ሽንቱን ግን ከነጋ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ጥቂት ነው የሸናው።

የሚያስጨንቁን ነገሮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ያለንበት ሆቴል ሆነን ብንጠብቅ ይሻላል ወይስ አሁኑኑ ሆስፒታል እንውሰደው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ይዘነው የመጣነው የትኩሳት ሽሮፕ ስላለቀ ባለቤቴ በአቅራቢያ ካለ ፋርማሲ ሌላ ገዝቷል፤ ቋንቋውን ማንበብ ባንችልም ፓራሲታሞል የሚለውን ስምና «250 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» የሚለውን ለይተናል። የቀድሞው ጠርሙስ ላይ የነበረው 120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር ሲሆን የምንሰጠውም 10 ሚሊ ሊትር ነበር፤ ይህንኑ መጠን ልንቀጥል እንችላለን? ሦስተኛው፣ የጉዞ መድን ብንገባም እንዴት እንደምንጠቀምበት አናውቅም፣ የአገሩንም ቋንቋ አንናገርም። እባካችሁ የምታውቁትን አካፍሉን።

መልስ፦ ከአንድ የሕፃናት ሐኪም

እህቴ፣ ልጅዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። በቅድሚያ አንድ ነገር ላስረዳ፤ ልጁን አሁኑኑ ሆስፒታል ለማድረስ ወይም ላለማድረስ የሚወስነው ቴርሞሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ አይደለም። 38.6 ያለው ልጅ ፈዝዞ ሊተኛ ይችላል፤ 39.5 ያለው ደግሞ መድኃኒቱ ሲሠራለት ተነሥቶ ሊጫወት ይችላል፤ ከሁለቱ የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ነው። ለዚህ የማይገዙት ከሦስት ወር በታች ያሉ ጨቅላዎች ናቸው፤ በእነርሱ ላይ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከታየ ሌላ ምልክት ሳይጠበቅ በአፋጣኝ በሐኪም መታየት አለባቸው።

ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚወስዱት ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠውና ራሱን ከሳተ፣ ወይም ለመቀስቀስ እስኪያስቸግር ድረስ ከደነዘዘ ነው። በሰገራው ደም ከታየ፣ ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ሆዱ ጠንክሮ አላስነካ ካለ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ወይም ብርጭቆ ሲጫኑበት የማይጠፋ ሽፍታ ከወጣበትም እንዲሁ ነው። አተነፋፈሱን ደግሞ በተረጋጋበት ሰዓት ልብሱን ገልጠው ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባለው ልጅ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

አሁን ወዳሉበት ሁኔታ ልምጣ። ውኃን በጉጉት መጠጣቱና ሽንቱ ማነሱ ሰውነቱ ፈሳሽ እያጣ መሆኑን ይጠቁማል። ከእምብርቱ ጎን ያለውን ቆዳ በሁለት ጣትዎ ቆንጥጠው ይልቀቁት፤ ወዲያው ካልተመለሰና ቀስ እያለ ከተዘረጋ፣ ወይም ዓይኖቹ ከጎደጎዱ ድርቀቱ ገፍቷል ማለት ነው። ስለዚህ ምክሬ ልጁ ዛሬውኑ በሐኪም እንዲታይ ነው፤ ሕክምናው ግን ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም፣ እዚያው ከክፍላችሁ ይጀመራል።

ከፋርማሲ ኦ አር ኤስ ይግዙ፤ በአፍ የሚሰጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ማለት ነው። ፓኮው ለስንት ውኃ እንደተዘጋጀ ሳያረጋግጡ አይበጥብጡት፤ አንዳንዱ ለ1 ሊትር፣ ሌላው ለ200 ሚሊ ሊትር የተመጠነ ነው፣ የሊትሩን ፓኮ በአንድ ብርጭቆ መበጥበጥ በልጁ ደም ውስጥ ጨውን አብዝቶ ሊጎዳው ይችላል። ሲያስመልሰው 10 ደቂቃ ይጠብቁና ከዚያ በየሁለት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ይስጡት። እጅግ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ስለሆነ በአንድ ሰዓት 150 ሚሊ ሊትር ይገባለታል፣ ሆዱም ሳይወጠር ይቀበለዋል። አንድ ብርጭቆ ውኃ በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶ ማስመለሱ «የወሰደውን ሁሉ ያስመልሳል» አያሰኝም፤ በማንኪያ ጠብ እየተደረገለት እንኳ የሚያስመልስ ከሆነ ግን ይህ የአደጋ ምልክት ስለሆነ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ትውከቱ ጋብ ሲልለት ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይጠጣ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ፓኮው እስኪገኝ ድረስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ አፉ ላይ የተስተካከለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟምተው መጀመር ይችላሉ፤ ጨው ከዚህ መብለጥ የለበትም። ለስላሳ መጠጦችና ጣፋጭ ጭማቂዎች ግን ተቅማጡን ያብሱበታል።

ልጁ ከፈለገ ይመገብ፤ ማስራብ አይጠቅመውም። ከመታመሙ በፊት ወባ ባለበት አካባቢ ቆይቶ ከሆነ ደግሞ ለሚያየው ሐኪም ሳይጠየቁ ይንገሩ፤ ትኩሳትና ትውከት የሆድ ሕመም ብቻ መስለው ሊታለፉ ስለሚችሉ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

መልስ፦ ከአንዲት ፋርማሲስት

የሽሮፑን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ በመጠየቅዎም እጅግ ደስ ብሎኛል፤ በጉዞ ላይ በልጆች መድኃኒት ከሚያጋጥሙ አደጋዎች አንዱ ይኸው ነውና። አዲሱን ሽሮፕ በቀድሞው መጠን ፈጽሞ እንዳይሰጡት። የፓራሲታሞል ልክ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ስለሆነ 16 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ160 እስከ 240 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል። ከቀድሞው ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር ሲሰጡት 240 ሚሊ ግራም ያገኝ ነበር፤ ከአዲሱ 10 ሚሊ ሊትር ቢወስድ ግን 500 ሚሊ ግራም ይሆንበታል፣ ይህም ከእጥፍ በላይ ነው። ከአዲሱ የሚበቃው 4 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህ 200 ሚሊ ግራም ይሆናል። በየ6 ሰዓቱ ቢሰጡት መልካም ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ጊዜ አይብለጥ። የሚለኩት በሲሪንጅ ይሁን፤ የቤት ማንኪያ መጠኑ ስለሚለያይ ለመድኃኒት አይታመንም። የሰጡበትን ሰዓትም በወረቀት ይጻፉት፤ አባትና እናት እየተፈራረቁ ሌሊት ሲያስታምሙ ሳያውቁ ደርበው የሚሰጡበት ጊዜ አለ።

በባዕድ አገር ፋርማሲ ስትገቡ የንግድ ስሙን ሳይሆን የመድኃኒቱን መሠረታዊ ስም ፈልጉ። እርሱም ቢሆን በሁለት መልክ ሊጻፍ ይችላል፤ ፓራሲታሞል በአሜሪካ አሲታሚኖፌን ይባላል፣ ለአስም የሚሰጠው ሳልቡታሞልም እዚያው አልቡቴሮል ነው። ለጉንፋን የሚሸጡ ቅልቅል ሽሮፖች ውስጥ ፓራሲታሞል ስለሚገኝ ሁለቱን አብሮ መስጠት ያው ከመጠን ማለፍ ነው።

አይቡፕሮፌንን ልጁ ፈሳሽ እያጣ ባለበት ሰዓት አይስጡት፤ ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። አስፕሪን ጉበትንና አንጎልን ከሚጎዳው የሬይ ሕመም ጋር ስለሚያያዝ ሐኪም ካላዘዘው በስተቀር ለልጆች አይሰጥም። አዋቂዎች ተቅማጥ ለማስቆም የሚወስዱት ሎፔራማይድም ለእንደዚህ ያለ ትንሽ ልጅ አይሆንም። ከሻንጣ የተረፈ አንቲባዮቲክ ካለም እዚያው ይቆይ፤ አብዛኛው የልጆች ትውከትና ተቅማጥ ከቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይረዳውም።

ከጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኦ አር ኤሱን በማንኪያ እየሰጠነው ትውከቱ እየራቀ ሄዷል፣ ቆዳውም ሲቆነጠጥ ወዲያው ይመለሳል። ሽሮፑን በሲሪንጅ 4 ሚሊ ሊትር ሰጥተነው ተኝቷል። የሆቴሉ ሠራተኞች ሐኪም ወደ ክፍላችን ሊጠሩልን እንደሚችሉ፣ ወይም የልጆች ክፍል ያለው ሆስፒታል ቅርብ እንደሆነ ነግረውናል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? ሐኪሙስ ፊት ስንቀርብ እንዴት እንግባባለን? ታላቅ እህቱም አብራን ስላለች እንዳይተላለፍባት ሰግተናል።

መልስ፦ በሆስፒታል በአስተርጓሚነት ከሚሠሩ አባል

እኔ ብሆን የልጆች ክፍል ያለውን ሆስፒታል እመርጣለሁ፤ ወደ ክፍል የሚመጣ ሐኪም ልጁን መርምሮ ሊያረጋጋችሁ ቢችልም ላቦራቶሪም፣ ግሉኮስ የሚሰቀልበት አልጋም ይዞ አይመጣም። ስትሄዱ አንድ ወረቀት አዘጋጅታችሁ ያዙ። በእሱ ላይ የልጁ ስም በፓስፖርቱ እንደተጻፈው፣ የልደት ቀኑ፣ ክብደቱ፣ የማይስማማው መድኃኒት ካለ፣ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ ያስመለሰበትና ያስቀመጠበት ጊዜ በግምት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የሸናበት ሰዓት፣ የተሰጠው መድኃኒት በሚሊ ግራምና የተሰጠበት ሰዓት ይስፈር። ቀኑና ሰዓቱ በእናንተ ልማድ ሳይሆን ሐኪሙ በሚጠቀምበት አቆጣጠር ይጻፍ፤ በዚህ ምክንያት መድኃኒቱ የተሰጠው ገና አሁን ነው ወይስ ቀድሞ በሚለው ላይ ሐኪምና ወላጅ ሳይግባቡ ሲቀሩ ተመልክቻለሁ። ቁጥር በማንኛውም ቋንቋ ስለሚነበብ ወረቀቱ ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሠራላችኋል። የሽሮፑን ጠርሙስና የክትባት ካርዱንም ያዙ።

እንደ ገባችሁ አስተርጓሚ እንዳለ ጠይቁ፤ ብዙ ሆስፒታሎች በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ያገናኛሉ፣ የመድን ድርጅታችሁም ይህንን አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል። በስልክ የሚሠራ የትርጉም መተግበሪያ ለአጫጭር ዓረፍተ ነገር ይረዳል፤ የመድኃኒት መጠን ሲነገራችሁ ግን በእርሱ ብቻ አትመኑ፣ ሐኪሙ በቁጥር እንዲጽፍላችሁ አድርጉና ራሳችሁ መልሳችሁ በሲሪንጁ ላይ በጣት እያሳያችሁ አረጋግጡ። ታላቅ እህቱ ጥቂት ቋንቋ ብታውቅ እንኳ እንድታስተረጉም አታድርጓት፤ ለልጅ ከባድ ሸክም ነው፣ የምትፈራውንም ቃል ልትዘለው ትችላለች።

ስለ መተላለፉ ከሕክምና ባልደረቦቼ የምሰማውን ላክል፤ ዳይፐር ወይም ትውከት ካጸዳችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙናና በውኃ ታጠቡ፤ የአልኮል ጄል አንዳንዶቹን የተቅማጥ ቫይረሶች በሚገባ አይገድልም። ፎጣቸውና መጠጫቸው ይለይ፤ ልጁም ከመጨረሻው ተቅማጥ በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት እስኪያልፍ ወደ ሆቴሉ የዋና ገንዳ አይግባ።

መልስ፦ በመድን ሥራ ላይ ካሉ አባል

ወደ ሆስፒታሉ እየሄዳችሁም ቢሆን በመድን ሰነዳችሁ ላይ ወዳለው የ24 ሰዓት የእርዳታ ስልክ ደውሉ። ልጁ የአደጋ ምልክት ካሳየ ግን ሕክምናው ይቅደም፣ ስልኩ ይከተል፤ ብዙ ውሎች በድንገተኛ ጊዜ በተቻለ ፍጥነት ማሳወቅን ይቀበላሉ። ስትደውሉ የፖሊሲ ቁጥሩን፣ ያላችሁበትን ቦታና የሆስፒታሉን ስም ትነግራላችሁ፤ እነርሱም የጉዳይ ቁጥር ይሰጧችኋል፣ ጻፉት። ከድርጅቱ ጋር ውል ያለው ሆስፒታል በአቅራቢያ ካለ የሚጠቁሟችሁም እነርሱ ናቸው።

ታይቶ ለሚመለስ ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ ከኪሳችሁ ከፍላችሁ በኋላ ነው የሚተካላችሁ። አልጋ ከያዘ ግን ድርጅቱ ለሆስፒታሉ የክፍያ ዋስትና ደብዳቤ እንዲልክ ጠይቁ፤ ይህ ሳይደረግ ከፍተኛ መያዣ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። «ተከፍሏል» የሚል ድምር ብቻ ያለበት ደረሰኝ አትቀበሉ፤ ምርመራው፣ መድኃኒቱና የሐኪሙ ክፍያ ተለይተው የተዘረዘሩበት፣ የልጁ ስምና ቀኑ ያለበት መሆን አለበት። ከእርሱ ጋር የሕመሙ ስም የተጻፈበት፣ የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት የሕክምና ማስረጃ ውሰዱ፣ ሁሉንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ዋናውን አትጣሉ። ከሁለት ወላጆች አንዱ ወይም አያት ብቻ ይዟቸው የሚጓዝ ልጆች ያሏችሁ ደግሞ ሌላው ወላጅ ለሕክምና የፈቀደበትን ደብዳቤ አስቀድማችሁ ያዙ።

ከጠያቂዋ፦

ሆስፒታል ታይቶ ተመልሰናል። ሐኪሙ የፈሳሽ እጥረቱ ቀላል መሆኑን ገልጾ ኦ አር ኤሱን እንድንቀጥል ነግሮናል፣ አልጋም አላስፈለገውም። የመመለሻ በረራችን ቀርቧል፤ በዚህ ሁኔታ ልናሳፍረው እንችላለን?

መልስ፦ ከሕፃናት ሐኪሙ

ትውከቱ ቆሞ፣ እየጠጣና እንደ ልማዱ እየሸና ከሆነ መብረሩ አያሳስብም። ገና የሚያስመልስ፣ ወይም ትኩሳት ይዞት የፈዘዘ ከሆነ ግን በረራውን ማስተላለፍ ይሻላል፤ በአየር ላይ ሳሉ ሊያገኙ የሚችሉት እርዳታ ውስን ነው። የበረራውን ቀን ማስለወጥ ቢያስፈልግ የሐኪሙን ማስረጃ ለአየር መንገዱና ለመድን ድርጅቱ ያሳዩ። ኦ አር ኤሱንና ሽሮፑን በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች ለልጅ የሚያስፈልግ ፈሳሽ መድኃኒት ከ100 ሚሊ ሊትር ቢበልጥም ለፍተሻ ካሳወቁ ይፈቀዳል። ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ትኩሳቱ ቢመለስ፣ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን፣ ለሚያየው ሐኪም የነበራችሁበትን አገር ስም መጀመሪያ ይንገሩት።