ካፕሽን በሕግ ይገደድ ወይስ በድጎማ ይሠራ?

አወያይ፦ መነሻችን ሞጆ ማዘርስ ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በኖቬምበር 2011 በአረንጓዴ ፓርቲ ዝርዝር ተመርጠው የኒውዚላንድ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ መስማት የተሳናቸው አባል ናቸው፤ እስከ 2017 ቆይተዋል። ከንፈር ያነባሉ፣ በአንደበታቸው ይናገራሉ። ጉባኤ አዳራሽ ውስጥ ግን ተናጋሪው ከጀርባ ወይም ከጎን ሲሆን የሚነበብ ከንፈር አይገኝም። ስለዚህ የሚባለውን እየተየበ በስክሪናቸው ላይ የሚያሳይ ጸሐፊ አስፈለጋቸው። ዋጋው በዓመት ወደ 30,000 የኒውዚላንድ ዶላር ነበር። አፈ ጉባኤው ሎክዉድ ስሚዝ መጀመሪያ ከራሳቸው የቢሮ በጀት ይከፈል አሉ፤ ጉዳዩ አደባባይ ከወጣ በኋላ ግን ፓርላማው ከጋራ በጀት ሸፈነው። ማዘርስ የቴሌቪዥን ካፕሽንም (የሚነገረውን በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ጽሑፍ) በሕግ ይደንገግ ብለው ተከራክረዋል። አገራቸው የመረጠችው ግን ድጎማን ነው፦ ኒውዚላንድ ኦን ኤር የተባለው የመንግሥት የስርጭት ፈንድ ገንዘብ ይመድባል፣ ኤብል የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ካፕሽኑን ይሠራል። የትኛው ይሻላል?

ሕግ ዐዋቂው፦ ግዴታ። በድጎማ ሲሆን የገንዘቡ ልክ የሽፋኑ ልክ ይሆናል፤ በጀቱ ሲያልቅ ካፕሽኑም ያልቃል፣ ተመልካቹ የሚከስሰው አካል የለም። ብዙ ሰው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ይበቃል ይላል። አንቀጽ 21ን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። የግል ድርጅቶችንና መገናኛ ብዙኃንን በተመለከተ መንግሥት የተጣለበት ማሳሰብና ማበረታታት ብቻ ነው። በማበረታታት ደግሞ ማንም ጣቢያ ፍርድ ቤት አይቆምም። አሜሪካን ተመልከቱ፦ በ1990 በወጣ ሕግ፣ ከ1993 አጋማሽ ጀምሮ 13 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ቴሌቪዥን የካፕሽን መፍቻ በውስጡ እንዲኖረው ተደረገ፤ ቀድሞ ለብቻው የሚገዛ ሳጥን ነበር። ጣቢያዎቹን ያስገደደው የ1996ቱ ሕግ ነው፤ ነጻ ከተደረጉት በቀር አዲስ የእንግሊዝኛ ፕሮግራም ሁሉ ከጃንዋሪ 2006 ጀምሮ ካፕሽን እንዲኖረው ሆነ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ መጀመሪያ መቀበያው፣ ቀጥሎ ማሰራጫው።

የስርጭት ቴክኒሻን፦ ሕጉን መጻፍ ቀላል ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? በቀጥታ ስርጭት አንድ ሰው ብቻውን አይዘልቅም። ድጋሚ ተናጋሪ የሚባለው ሠራተኛ ጸጥ ባለ ክፍል ተቀምጦ የሚሰማውን በግልጽና በወጥ ድምፅ ይደግማል፤ «ነጠላ ሰረዝ»፣ «አራት ነጥብ» እያለ ሥርዓተ ነጥቡን ጭምር ያወራል፤ ለድምፁ የሠለጠነው ሶፍትዌር ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ካልተቀየረ ስሕተቱ ይበዛል። ስለዚህ ለአንድ ሰዓት ዜና ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሀብታሙ ጣቢያ ይችለዋል። ትንሹስ?

ሕግ ዐዋቂው፦ ለዚህ መልሱ ከተገኘ ቆይቷል። የብሪታንያው ደንብ የተመልካች ድርሻው ከ0.05 በመቶ በታች የሆነን ጣቢያ ነጻ ያወጣል፤ ግዴታ ያለበትም ከገቢው ከ1 በመቶ በላይ እንዲያወጣ አይጠየቅም። አሜሪካ ጣሪያውን 2 በመቶ ላይ አድርጋለች። «ትንሹ ጣቢያ ይዘጋል» የሚለው ማስፈራሪያ በአንድ ንዑስ አንቀጽ ያልቃል።

የካፕሽን አዘጋጇ፦ ወንድሜ ሕግ ዐዋቂ፣ በመቶኛው አትደሰት። የብሪታንያው ሕግ ከስርጭቱ 80 በመቶው ካፕሽን ይኑረው ሲል የሚቆጥረው ሰዓት ነው፤ ጽሑፉ ትክክል መሆኑን አይቆጥርም። ለጥራት አውሮፓ ውስጥ የተለመደው ኤንኢአር የሚባለው ስሌት ነው፦ ከጠቅላላው ቃል ላይ የአርትዖት ስሕተትና (ሰውየው የጣለው ወይም የለወጠው) የመለየት ስሕተት (ሶፍትዌሩ ያሳሳተው) ይቀነሳል፣ ለጠቅላላው ይካፈላል፣ በመቶ ይባዛል። ማለፊያው 98 ነው። ቀላል ስሕተት 0.25፣ መካከለኛው 0.5፣ ከባዱ 1 ነጥብ ያስቀንሳል። ከባድ የሚባለው ተመልካቹ ሳይጠራጠር የሚያምነው ሐሰት ነው። አሁን አስሉት፦ በእንግሊዝኛ የ10 ደቂቃ ዜና በደቂቃ 160 ቃል ቢነበብ 1,600 ቃል ነው። 2 በመቶው 32 ነጥብ። ሌላ ስሕተት ከሌለበት 32 ከባድ ሐሰት ይዞ ፈተናውን ያልፋል ማለት ነው፤ በየደቂቃው ከሦስት በላይ!

ቁጥሩን እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት ደግሞ የባሰ ነው። እኛ «አልነገሩንም» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰው እንግሊዝኛው አራት ቃል ይፈልጋል። ስለዚህ በደቂቃ የምንለው ቃል ያነሰ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል የሚሸከመው ግን ብዙ ነው። አፍራሹም ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ይኖራል፦ «አይፈቀድም» ተብሎ «ይፈቀዳል» ቢወጣ በስሌቱ የጠፋው አንድ ነጥብ ነው፤ የተገለበጠው ግን መመሪያው በሙሉ ነው። የሕጉ አባሪ መለኪያውን ለቋንቋው ካላስተካከለ «98 አለፍን» የሚለው ሪፖርት ጌጥ ነው።

የስርጭት ቴክኒሻን፦ በዚህስ እስማማለሁ። ርካሽ መንገድ አለ የሚሉም አሉ፦ ዜና አንባቢው የሚያነበውን ጽሑፍ ከፕሮምፕተሩ ቀጥታ ወደ ካፕሽን መላክ። ለተጻፈው ዜና ግሩም ነው፤ መዘግየትም የለውም። ጋዜጠኛው ከጽሑፉ ሲወጣ ወይም ከሜዳ ቃለ መጠይቅ ሲገባ ግን ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። ሰበር ዜና ደግሞ ሁልጊዜ ካልተጻፈው ወገን ነው። አሜሪካም በ25ቱ ትልልቅ የቴሌቪዥን ገበያዎች ያሉ የዋና ዋና ኔትወርኮች ጣቢያዎችን በዚህ ዘዴ ብቻ ግዴታችሁን ተወጣችሁ አትላቸውም።

አስተርጓሚዋ፦ እናንተ ስለ ጽሑፍ ብቻ ነው የምታወሩት። ከልጅነቱ በምልክት ቋንቋ ላደገ ሰው የተጻፈ ቋንቋ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ በፍጥነት የሚያልፍ ካፕሽን ሊያመልጠው ይችላል። ኒውዚላንድ የምልክት ቋንቋዋን በ2006 ይፋዊ ቋንቋ አድርጋለች፤ ያ ማለት ግን ቴሌቪዥኑ በምልክት ቋንቋ ያስተላልፋል ማለት አልሆነም። ብሪታንያ 80 በመቶ ለካፕሽን፣ 10 ለድምፅ ገለጻ (በምስሉ የሚታየውን ማየት ለተሳነው በቃል መንገር)፣ 5 ለምልክት ቋንቋ ብላ ደነገገች። ያቺ 5 በመቶ የት ገባች? ብዙው ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ። ሕጉ መቶኛውን እንጂ ሰዓቱን ስላልጻፈ ነው።

አስተርጓሚው የሚታይበት መስኮትም የራሱ ጣጣ አለው። የብሪታንያው መመሪያ አስተርጓሚው ቢያንስ የስክሪኑን አንድ ስድስተኛ ይያዝ ይላል። በተግባር የምናየው በክብ የተቆረጠች ትንሽ ምስል ናት፦ ክርኑ ይቆረጣል፣ ከግርጌ የሚሮጠው ዜና ደግሞ እጁን ይሸፍናል። ፊት በምልክት ቋንቋ ሰዋስው ነው፤ ቅንድቡ ካልታየ ጥያቄው ተራ ዓረፍተ ነገር ይመስላል። መፍትሔው ከግራፊክስ ክፍሉ ጋር አስቀድሞ የመስኮቱን ቦታ መከለል ነው፣ ወጪ የለውም። ልብስ ከቆዳ ቀለም የሚለይ፣ ጥለት የሌለው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ተተኪ።

የድምፅ ገለጻ ባለሙያ፦ ማየት የተሳነውስ? ዜና ብዙ ገለጻ አይፈልግም፤ ልማድ መለወጥ ነው የሚፈልገው። «በስክሪኑ በምትመለከቱት ቁጥር ይደውሉ» ማለት ቀርቶ ቁጥሩን ማንበብ አምስት ሰከንድ ነው። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ በዝምታ ከግርጌ ሲሮጥ ግን ነገሩ ከልማድ ያልፋል፤ አሜሪካ ከ2015 ጀምሮ እንዲህ ያለው መረጃ በሁለተኛው የድምፅ መስመር እንዲነገር አስገድዳለች። ለድራማና ለዘጋቢ ፊልም ገለጻው በንግግሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ይጻፋል። ክፍተት የሌለው ፊልም ላይ «100 በመቶ ይገለጽ» ብሎ መደንገግ ግን ከንቱ ነው።

የስርጭት ቴክኒሻን፦ ይህ ሁሉ ሲደመር ሂሳቡ ስንት ይደርሳል? ማዘርስም በ2014 ለአጭር የሬዲዮ ቃለ መጠይቅ በአውሮፕላን ሄዱ ተብለው በመንግሥት ወጪ ተቺዎች ተወቅሰዋል። ተደራሽነት ገንዘብ ይበላል፤ ማለት አለብን።

አስተርጓሚዋ፦ በስልክ መስማት የማይችልን ሰው ለምን ስልክ አልተጠቀምሽም ማለት ምን ይባላል? የ30,000 ዶላሩም ነገር እንዲሁ ነው። ለሚሰሙት አባላት ማይክሮፎኑን፣ ድምፅ ማጉያውንና ቴክኒሻኑን የሚከፍለው የጋራ በጀት ነው፤ ከቢሮህ ክፈል የተባለ የለም። የእርስዎስ ደመወዝ ከሚሰማው ተመልካች ኪስ ብቻ ነው እንዴ የሚወጣው?

የስርጭት ቴክኒሻን፦ እሺ፣ ይህ ገብቶኛል። ግን ክርክራችን የረሳው ትልቁ ቀዳዳ የእኔ ክፍል ነው። ጣቢያው ካፕሽኑን ሠርቶ ይልካል፤ የሳተላይት ወይም የኬብል ኩባንያው ሲግናሉን ሲያጠናቅር የምስሉንና የድምፁን ዳታ ብቻ አንስቶ የካፕሽኑን ይጥላል። ጣቢያው ውስጥ ያለው ሞኒተር ላይ ሁሉ ነገር ደህና ነው፤ ቤት ውስጥ ምንም የለም። ጽሑፍን ከቴሌቪዥን ስርጭት ጋር የሚልከው የጥንቱ ቴሌቴክስት ደግሞ የላቲን፣ የግሪክ፣ የሲሪሊክ፣ የዐረብና የዕብራይስጥ ሆሄያትን እንጂ ግዕዝን አያውቅም። ለእኛ ፊደል የሚሆነው ጽሑፉን እንደ ምስል አድርጎ የሚልከው ዲቪቢ የተባለው የዲጂታል ቴሌቪዥን ደረጃ ካፕሽን ነው፤ መቀበያው ፎንት ኖረው አልኖረው አይገደውም።

ሕግ ዐዋቂው፦ እንግዲያው አንቀጹ ጣቢያውን ብቻ አይያዝ። «ፕሮግራሙን መልሶ የሚያሰራጭ ማንኛውም አካል የደረሰውን ካፕሽን፣ የድምፅ ገለጻና የምልክት መስኮት ሳይቀንስ ያስተላልፋል» ብንለውስ?

የካፕሽን አዘጋጇ፦ «ሳይቀንስና ሳያዘገይ» በለው። በድጋሚ ንግግር የሚሠራው ካፕሽን ከ4 እስከ 8 ሰከንድ ወደኋላ ይቀራል፤ እነሱ ሌላ ሦስት ከጨመሩበት የሚኒስትሩ መልስ በማስታወቂያ ላይ ይወጣል።

የስርጭት ቴክኒሻን፦ ልኬቱም ከጣቢያው መውጫ ሳይሆን ገበያ ላይ ከሚሸጥ ተራ መቀበያ ይወሰድ። እንደዚያ ከተጻፈ ግዴታውን እኔም እፈርማለሁ፤ ድጎማው ግን ለማሠልጠኛ ይቆይ።

ሕግ ዐዋቂው፦ ለማሠልጠኛ ከሆነ አልቃወምም። ለስንት ዓመት?