ከወላጆችና ከድሮ ጓደኞች ጋር በአርቪ ሼናንዶዋ ሦስት ሌሊት፦ ለ11 ሰው እንዴት ይዘጋጃል?

ጠያቂ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሌበር ዴይ (የሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ በዓል) ሰሞን ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሦስት ሌሊት ልናድር አስበናል። ከአዲስ አበባ የመጡ ወላጆቼ አሉ፤ ሁለቱም ከ70 በላይ ናቸው፣ አባቴ ኢንሱሊን ይወጋሉ። እኔና ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆች፣ ሁለት የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ከነባለቤቶቻቸው፤ በድምሩ 11 ነን። 30 ጫማ ገደማ የሆነ አርቪ (አልጋ፣ ማብሰያና ሽንት ቤት ያለው መኪና) ለመከራየት ነው ሐሳቤ። መብራትና ውሃ የሚሰካበት ቦታ ይሻላል ወይስ ፓርኩ ውስጥ? የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሠራል? ቡና በወጉ ማፍላትስ ይቻላል? ዓላማችን ተራራ መውጣት አይደለም፤ ቁጭ ብለን መጫወት፣ ወላጆቼም ሳይንገላቱ አብረውን እንዲሆኑ ነው።

መንገደኛ_66፦
እንኳን ወላጆችህ በሰላም መጡልህ። መጀመሪያ የሰው ቁጥር ላይ እንነጋገር። የኪራይ ማስታወቂያ ላይ «7 ሰው ያስተኛል» የሚለው የአልጋ ቁጥር እንጂ የመቀመጫ ቀበቶ ቁጥር አይደለም። ሁለቱን ለየብቻ ጠይቁ። አርቪው ላይ ወላጆችና ልጆች ይሳፈሩ፣ ጓደኞች በራሳቸው መኪና ይከተሉ። ትንሿ መኪና እዚያም ትጠቅማለች፤ አርቪው አንዴ ተስተካክሎ ከቆመ በኋላ ለአንድ ከረጢት በረዶ ብሎ የሚነቅለው የለም።

11 ሰው አርቪ ውስጥ ማሳደር ግን እረፍት አይሆንም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቦታዎች ያዙ፤ አንዱ ላይ አርቪው ይቁም፣ ሌላው ላይ የጓደኞች ድንኳን ይተከል። ወላጆች የኋላውን አልጋ ይውሰዱ። ከሾፌሩ በላይ ያለው አልጋ በመሰላል የሚወጣበት ስለሆነ ለትልልቆቹ ልጆች ነው። የኋላው አልጋ በአብዛኛው ግድግዳ ጥግ የተጠጋ ነውና ሌሊት የሚነሳው ሰው በውጪው በኩል ይተኛ። የመግቢያው ደረጃ ጠባብና ከፍ ያለ ነው፤ መያዣ ያለው ጠንካራ በርጩማ ከሥሩ ብታስቀምጡለት ለእማማ ጉልበት ትልቅ እፎይታ ነው።

አሁን መንገዱ፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ፓርኩን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያቋርጠው ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ርዝመት አለው፣ ማይሉም ከሰሜን ይቆጠራል፣ የፍጥነት ገደቡ 35 ማይል ነው። ከቶርንተን ጋፕ መግቢያ ትንሽ ወደ ደቡብ እንዳለፋችሁ፣ 32ኛው ማይል ላይ፣ የሜሪስ ሮክ ዋሻ አለ፤ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ብቻ ነው። ቢግ ሜዶውስ ካምፕ ያለው 51ኛው ማይል አካባቢ ስለሆነ ከሰሜኑ መግቢያ ከፍሮንት ሮያልም ሆነ በ211 መንገድ በቶርንተን ጋፕ የገባ ሁሉ በዋሻው ማለፍ አለበት። የአርቪውን ከፍታ የኪራይ ወረቀቱ ላይ አይታችሁ አትመኑ፤ ጣሪያው ላይ ያለው የኤሲ ሽፋን መቆጠሩን አረጋግጡ። ጥርጣሬ ካለ በ66 አውራ ጎዳና ወጥታችሁ፣ በ29 ወደ ደቡብ እስከ ራከርስቪል፣ ከዚያ በ33 ወደ ምዕራብ ሄዳችሁ በስዊፍት ረን ጋፕ ግቡ። መግቢያው 65ኛው ማይል ላይ ነው፤ ወደ ሰሜን 14 ማይል ያህል ነድታችሁ ዋሻውን ሳትነኩ ቢግ ሜዶውስ ትደርሳላችሁ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ መውረድ የለም፤ ማርሹን ዝቅ አድርጉት፣ ሞተሩ ይያዘው።

ስትቆሙ አርቪው ደልዳላ ይሁን። ይህ ለምቾት ብቻ አይደለም። በጋዝና በመብራት የሚሠራው የአርቪ ፍሪጅ ውስጥ ያለው አሞኒያ የሚዘዋወረው በስበት ነው፤ መኪናው ካዘመመ ፈሳሹ አንድ ቦታ ይቋጥርና ማቀዝቀዙን ያቆማል። ዝቅ ባለው ጎማ ሥር የፕላስቲክ ብሎክ አስገቡ፣ ከዚያ ጎማዎቹን በታኮ ያዙ።

ባለምጣድ፦
የመብራቱን ነገር ልመልስ። ሼናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ያሉት ካምፖች መብራትም ውሃም የሚሰካባቸው አይደሉም። ጄኔሬተር የሚፈቀደው ደግሞ በተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ነው። እንዲያ ከሆነ ምጣዱን እርሱት። ሉሬይ ከተማ አካባቢ ግን 30 አምፕ መብራትና ውሃ ያላቸው የግል ካምፖች አሉ፤ ከዚያ ወደ ፓርኩ በትንሿ መኪና ቀን ቀን ትመላለሳላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜና ከትልልቅ ሰዎች ጋር ከሆነ እኔ ሉሬይን እመርጣለሁ።

30 አምፕ ማለት በ120 ቮልት 3,600 ዋት ነው። ኤሲው ሲሠራ 12 ወይም 13 አምፕ ይወስዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት ከሆነ 12 አምፕ ተኩል ነው። ሁለቱ ብቻ 25 አምፕ ሞሉ። ፍሪጁ በመብራት ላይ ካለ ሌላ 3 አምፕ ይጨምራል፣ ባትሪ የሚሞላው መሣሪያም የራሱን ይወስዳል። በዚህ ላይ አንድ ሰው ማይክሮዌቭ ሲጫን ብሬከሩ ይወድቃል። ምጣድ ሲጣድ ኤሲ ይጥፋ፣ የውሃ ማሞቂያውም ከመብራት ወደ ጋዝ ይዙር።

ከዚህ የተሻለው ዘዴ ምጣዱን ከአርቪው ጋር ጭራሽ አለማገናኘት ነው። ካምፑ ያቆመው የመብራት ሳጥን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 አምፑ ጎን የራሱ ብሬከር ያለው ተራ ባለ 20 አምፕ ሶኬት አለ። ምጣዱን እዚያ ሰኩት። ኤክስቴንሽኑ 12 ጌጅ (ወፍራም ሽቦ) ይሁን፣ ከ25 ጫማ አይብለጥ፣ ተጠቅልሎ አይቀመጥ። የመብራት ጌጥ የሚሰካበት ባለ 16 ጌጅ ቀጭን ገመድ ምጣድ ሲሸከም ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፤ ምጣዱም በቂ ኃይል ስለማያገኝ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ነፋስም ሌላው ጠላት ነው፤ በአንድ በኩል እየቀዘቀዘ እንጀራው ግማሹ ሊጥ ይሆናል። በሦስት ጎን በካርቶን ሳይሆን በብረት ትሪ ጋርዱት።

እውነቱን ለመናገር ግን ለሦስት ሌሊት ምጣድ መሸከም አያስፈልግም። እንጀራውን ሐሙስ ማታ ጋግሩ፣ ሙሉ በሙሉ ይብረድ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ላስቲክ ውስጥ ይግባ። ሳይበርድ የታሸገ እንጀራ ላብ ያወጣና በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። ዶሮውንና ምስሩን እቤት ሠርታችሁ በዚፕ ላስቲክ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አቀዝቅዙ፤ በረዶ ሆኖ ሌላውን ምግብ ያቀዘቅዛል፣ ሲፈለግ በ15 ደቂቃ ይሞቃል። ቁሌት አርቪ ውስጥ እንዳትጀምሩ። የሽንኩርቱና የበርበሬው ሽታ መጋረጃውና ፍራሹ ውስጥ ይገባል፤ አከራዮች ለሱ የጽዳት ክፍያ ይጠይቃሉ።

ኢንሱሊኑ፦ ያልተከፈተው የሚቀመጠው ከ36 እስከ 46 ፋራናይት ነው። የአርቪ ፍሪጅ ቀን ሙቀት ላይ ይለግማል፣ ሌሊት ደግሞ ከኋላ ያለውን ቀዝቃዛ ክንፍ የነካውን ነገር በረዶ ያደርጋል። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ይጣላል። ፍሪጁን ከመነሳታችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት በፊት አብሩት፣ ትንሽ ቴርሞሜትር አስገቡበት፣ መድኃኒቱን በሳጥን አድርጋችሁ ከፊት በኩል አስቀምጡት።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሉሬይ መብራት ያለው ቦታ እንይዛለን፣ እንጀራውንም እቤት እንጋግራለን። ቡናውስ? ዝናብ ከመጣ ከሰሉን በሩ አጠገብ ማድረግ ይቻላል? እናቴ ያለ ቡና አይሆንላትም።

ጀበና፦
ቡናው አይቀርም፤ ከሰሉ ግን በምንም ምክንያት አርቪ ውስጥ አይገባም። በር ተከፍቶም፣ መስኮት ተከፍቶም፣ «አመድ ለብሷል፣ ጠፍቷል» ተብሎም አይገባም። ከሰል ጭሱ ካለቀ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጋዙ ሽታም መልክም የለውም። ተጠቅሞ የቀረ ፍም «ሌሊት ያሞቀናል» ብሎ ወደ ውስጥ ማስገባት ሰው ይገድላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ከአንድ ሰው በላይ በአንድ ጊዜ ከተሰማው ሁሉም ወዲያው ይውጣና 911 ይደወል። አርቪውን ስትረከቡ የካርቦን ሞኖክሳይዱን አላርም ቁልፍ ተጭናችሁ ፈትኑ፤ ጀርባው ላይ ያለውን ማብቂያ ዘመንም እዩ።

በሩ አጠገብ ላልከው፦ አይሆንም። ከበሩና ከመስኮቶች ቢያንስ 10 ጫማ ራቁ፣ ነፋሱ ከአርቪው ወደ ውጪ የሚነፍስበት ጎን ሁኑ። ከአርቪው ጋር የተያያዘው የጨርቅ ጥላ ሥርም አይደረግ፤ ፍንጣሪ ይበሳዋል፣ ጭሱም ከሥሩ ታፍኖ ወደ በሩ ይሄዳል። ለዝናብ ለብቻው የሚቆም ባለ አራት እግር ድንኳን ይዛችሁ፣ አራቱም ጎን ክፍት ሆኖ፣ ቡና የምታፈላው ሰው እዚያ ትቀመጥ። ከሰል ማንደድ በካምፑ የተከለከለበት ጊዜ ሊኖር ስለሚችል ስትደርሱ ቢሮው ጋ ጠይቁ።

ቡናውም እዚያው ውጪ ይቆላል። ውስጥ የተቆላ ቡና የጭስ አላርሙን ያስጮኸዋል፤ ሰው ተናዶ ባትሪውን ያወጣና መመለስ ይረሳል፣ ሌሊቱን ያለ አላርም ይታደራል። እጣኑም እንደዚያው። የቡና ቁርስ ከረከቦቱ ጋር አብራችሁ አንሱ፤ አካባቢው ድብ አለበት። ቅቤ፣ ቆሎ፣ ስኳር፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር ሌሊት አርቪው ወይም የተቆለፈ መኪና ውስጥ ይደር፤ ድንኳን ውስጥ ምንም ምግብ አይኑር።

ሲያልቅ ፍሙን ውሃ ያለበት የብረት ባልዲ ውስጥ ጨምሩት፣ አማስሉት፣ በእጅ ጀርባ ቀርባችሁ ሙቀት እንደሌለው እዩ። የፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የተጣለ ከሰል ከሰዓታት በኋላም ይነሳል። ከሰል የማይፈቀድ ከሆነ ጀበናውን በትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ ያም ውጪ፣ ከሸክላው ሥር ብረት አድርጋችሁ በቀስታ እሳት ጣዱት። ሸክላ ድንገት ኃይለኛ ነበልባል ካገኘው ይሰነጠቃል።

ጋሎን፦
ስለ ውሃና ሽንት ቤት ማንም አላነሳም፤ ጨዋታውን የሚያደፈርሰው ግን እሱ ነው።

ቦታው ላይ ውሃ ብትሰኩም ቆሻሻ የሚሄድበት ቱቦ ከሌለ ገደባችሁ ታንኩ ነው። የእጣቢው ታንክ 35 ጋሎን ነው እንበል። ሻወር በደቂቃ 2 ጋሎን ካፈሰሰ አምስት ደቂቃ የታጠበ ሰው 10 ጋሎን ሞላ። አራተኛው ሰው ሳይጨርስ ውሃው በሻወሩ ወለል ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ወጣቱ ሁሉ የካምፑ መታጠቢያ ቤት ይታጠብ፤ የአርቪው ሻወር ለወላጆችና ለሌሊት ይቆይ። ሳህን ሲታጠብ ወጡን መጀመሪያ በወረቀት ጥረጉት። የወጥ ቅቤ ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ይረጋል፤ ቱቦው ተዘግቶ ማጠቢያው ውሃ ሲያቁር የሚፈታው ሰው አይገኝም።

የሽንት ቤቱ ታንክ ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ሁለት ሦስት ጋሎን ውሃና ኬሚካሉን ጨምሩበት። ቱቦ ተገጥሞለት እንኳ ቫልቩ ተዘግቶ ይቆይ። ክፍት ከተተወ ፈሳሹ ይወርድና ደረቁ ከሥር እየተቆለለ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ለአርቪ የተሠራ ቶሎ የሚሟሟ ወረቀት ብቻ ይግባ፤ እርጥብ መጥረጊያ ጨርቅ፣ «ይሟሟል» የተባለውም ቢሆን፣ አይግባ። ለወላጆች የእግር መርገጫውን መጀመሪያ አሳዩአቸው፦ በትንሹ ሲጫን ውሃ ይሞላል፣ እስከ ታች ሲጫን ይከፈታል። ይህን ሳያውቅ ውሃ ለመቆጠብ ብሎ በጠብታ የሚለቅ ሰው ነው ታንኩን የሚዘጋው። እዚህ ላይ ውሃ አይቆጠብም።

ስትደፉ ጓንት አድርጉ፣ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን፣ ቀጥሎ የእጣቢውን ልቀቁ፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን አጥቦት ይወጣል። ታንኩ ሁለት ሦስተኛ ሳይሞላ አትድፉ፤ ጥቂት ውሃ ገፍቶ አያወጣም። ንጹሕ ውሃ ታንክ ሞልታችሁ ከቤት አትነሱ፤ 40 ጋሎን 330 ፓውንድ ይመዝናል፣ ያንን ክብደት ተራራ ላይ መጎተት ነው። ለመንገድ 10 ጋሎን ይበቃል።

መንገደኛ_66፦
ምሽቱን ልጨምር። ፓርኩ ውስጥ የጸጥታው ሰዓት ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የግል ካምፖችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። የድሮ ጓደኞች ተገናኝተው ሳቅ የሚደምቀው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ወንበሮቹን ከጎረቤት በተቃራኒው ጎን ደርድሩ፣ ስፒከር ይጥፋ፣ ካርታና ዳማ ይምጣ። ማገዶ ከቤት አትጫኑ፤ በውስጡ የተደበቀ ነፍሳት ጫካ ያጠፋል፣ ፓርኩም ውጪ የተቆረጠ ተራ እንጨት አያስገባም። እዚያው ግዙ፤ ወይም በሙቀት የታከመ የሚል ማኅተም ያለው ይሁን።

በነሐሴ መጨረሻም ተራራው አካባቢ ሌሊቱ ይበርዳል። ለወላጆች ጋቢ ያዙ። ማሞቂያውን ሌሊት ከመፈለጋችሁ በፊት ቀን ላይ አንዴ አብሩት፤ የተቀመጠ አቧራ ሲቃጠል የሚወጣው ሽታ ያኔ ይለቅ እንጂ እንቅልፍ ላይ አያስደነግጣቸው። የጨርቁን ጥላ ከመተኛታችሁ በፊት ጠቅልሉት፤ ሌሊት አንድ የነፋስ ግፊት ክንዱን ያጣምመዋል። ቀን ዝናብ ከጣለ አንዱን ጎን ዝቅ አድርጉት፣ ውሃው በዚያ ይውረድ፤ መሐል ላይ ያቆረ ውሃ ክብደቱ ጨርቁን ይቀደዋል። እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ አከራዩ ጋ ከመመለሳችሁ በፊት ዘርግታችሁ አድርቁት።