ነምፓይን አፕግሬድ ካደረግኩ በኋላ ፓንዳስ አልነሳ አለኝ፤ ፒፕ ግን ችግር የለም ይላል

ሩት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በፓይተን 3.11 የምሠራበት የዳታ ትንተና ፕሮጀክት አለኝ። ፓኬጆቹ ስላረጁ ፓኬጅ የሚጭነው ፒፕ "አውትዴትድ" ብሎ የዘረዘራቸውን ተራ በተራ አፕግሬድ አደረግኩ። የሠንጠረዥ ዳታ የምሠራበትን ፓንዳስን ብቻ 2.0.3 ላይ ተውኩት። ሪፖርት የምናወጣበት አንድ የቆየ ላይብረሪ ከ2.1 በታች ካልሆነ አይቀበልም። ፓንዳስ የሚደገፍበት የቁጥር ላይብረሪ ነምፓይ ግን ከ1.26.4 ወደ 2 ተሻገረ።

አሁን ፓንዳስን ኢምፖርት ሳደርግ ረጅም ኤረር ይወጣል። በነምፓይ 1 የተገነባ ሞጁል በነምፓይ 2 ላይ አይሠራም የሚል ነው። ይበልጥ ግራ የገባኝ ደግሞ ፓኬጆቹ ይስማሙ እንደሆነ ለማየት "ፒፕ ቼክ" ስለው የተበላሸ ነገር የለም ይለኛል። የቱን ልመን? ሥራውን በቶሎ ማስረከብ ስላለብኝ ፈጣን መፍትሔ ካለ ንገሩኝ። ምክንያቱንም ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ዮናስ፦
ሰላም ሩት። ለጊዜው ነምፓይን ወደ 1 መልሺው፦

ፓይተን -ኤም ፒፕ ኢንስቶል "ነምፓይ<2"

ትምህርተ ጥቅሱን እንዳትረሺው። ያለ እሱ ከጻፍሽ ተርሚናሉ የ"<" ምልክቷን ለራሱ ይወስዳትና "2" የሚባል ፋይል ፍለጋ ይገባል። "ፒፕ" ብቻ ከማለትም "ፓይተን -ኤም ፒፕ" ማለቱ ይሻላል። ኮምፒውተርሽ ላይ ከአንድ በላይ ፓይተን ካለ፣ ፓኬጁ ኮድሽን በምታስነሺበት በዚያው ፓይተን ላይ መጫኑን ታረጋግጫለሽ።

ጁፒተር የምትጠቀሚ ከሆነ ከርነሉን (ኮድሽን የሚያስኬደውን ክፍል) ሪስታርት አድርጊ። ቀድሞ የተነሳ ከርነል የጫነውን ነምፓይ ይዞ ስለሚቆይ "ቀይሬውም አልሠራም" ያሰኝሻል።

ሄለን፦
ዮናስ ትክክል ነው። ምክንያቱን እኔ ልጨምር።

ፒፕ ቼክ አልዋሸሽም። እሱ የሚያየው እያንዳንዱ ፓኬጅ "እነዚህ ያስፈልጉኛል" ብሎ ያስመዘገበውን ዝርዝር ብቻ ነው። ፓንዳስ 2.0.3 የወጣው በ2023 ነው። ነምፓይ 2 ያኔ ገና አልወጣም ነበር። ስለዚህ ለፓይተን 3.11 ያስመዘገበው "ነምፓይ ቢያንስ 1.23.2 ይሁን" የሚል ነው። "ከዚህ አይበልጥ" የሚል ጣሪያ የለውም። 2 ደግሞ ከ1.23.2 ይበልጣል፤ በዝርዝሩ መሠረት ሁሉም ሰላም ነው።

ችግሩ ያለው ከዝርዝሩ ጀርባ ነው። የፓንዳስ ፈጣኑ ክፍል ወደ ማሽን ኮድ ተቀይሮ የሚመጣ ነው። ያ ኮድ የነምፓይ 1ን የሜሞሪ አቀማመጥ እያሰበ ነው የተገነባው። በ2024 አጋማሽ የወጣው ነምፓይ 2.0 ያንን አቀማመጥ ለወጠው። ፓንዳስ ከነምፓይ 2 ጋር መስማማት የጀመረው ከ2.2.2 ወዲህ ነው። ስለዚህ ኤረሩን እመኚው። ፒፕ ቼክ ንጹሕ ነው ማለት ፕሮግራሙ ይነሳል ማለት አይደለም።

ካሌብ፦
እኔ ብሆን ፓንዳስን ራሱን ወደ 2.2.2 አነሳዋለሁ። ፒፕ "ያ ላይብረሪ አይስማማም" ብሎ በቀይ ይጽፋል እንጂ መጫኑን አይከለክልም። ላይብረሪው "ከ2.1 በታች" ያለው ጣሪያ ለጥንቃቄ ብቻ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል።

ሄለን፦
ካሌብ፣ በዚህ አልስማማም። ጣሪያው ለጥንቃቄ ይሁን በምክንያት ሩት አታውቅም። ነገሩ ደግሞ ሪፖርት ነው። ፕሮግራሙ ቢወድቅ እሰየው፣ ወዲያው ይታወቃል። ሳይወድቅ የተሳሳተ ቁጥር ቢያወጣስ? መሞከር ካስፈለገ ሌላ ኢንቫይሮመንት (የራሱ ፓኬጆች ያሉት የተለየ ፎልደር) ውስጥ፣ የድሮውንና የአዲሱን ውጤት ጎን ለጎን እያስተያየች ትሞክረው። ማስረከቢያዋ በደረሰበት ሰዓት ግን አይሆንም።

ካሌብ፦
ልክ ነሽ፣ ለማስረከቢያው አይሆንም። ያንን ለብቻው ትየው።

ሩት፦
በጣም አመሰግናለሁ፤ ፓንዳስ ተነስቷል። አሁን ግን ፒፕ ቼክ ሌላ ነገር አመጣ። አፕግሬድ ካደረግኳቸው አንዱ "ነምፓይ 2 እና ከዚያ በላይ ካልሆነ" ይላል። ተዘበራርቋል ብዬ አዲስ ኢንቫይሮመንት በቬንቭ ከፈትኩ። እዚያ ደግሞ ፓንዳስ 2.0.3ን ስጭን ረጅም ሰዓት ሲያቀነባብር ይቆይና የሲ ኮምፓይለር (ምንጭ ኮድን ወደ ማሽን ኮድ የሚቀይር ፕሮግራም) አላገኘሁም ብሎ ይወድቃል። የድሮው ላይ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ዮናስ፦
አዲሱ ኢንቫይሮመንት ውስጥ ሆነሽ "ፓይተን --ቨርዥን" በይው። ምን ይላል?

ሩት፦
3.13 ይላል! ቬንቭ በራሱ 3.11ን የሚወስድ መስሎኝ ነበር።

ዮናስ፦
አገኘነው። ቬንቭ የሚከተለው ያስነሳሽበትን ፓይተን ነው። ፒፕ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚፈልገው ዊል ነው፤ ማለትም ለአንቺ ፓይተንና ለአንቺ ማሽን ተገንብቶ ያለቀለትን ፋይል። ፓንዳስ 2.0.3 ዊል ያለው እስከ ፓይተን 3.11 ድረስ ነው። 3.13 ላይ ሲያጣው ምንጭ ኮዱን አውርዶ እዚያው ልገንባ ይላል፤ ኮምፓይለር የጠየቀሽ ለዚህ ነው። ኮምፓይለር ፍለጋ አትድከሚ። ፎልደሩን አጥፊና በ3.11 ክፈቺው፦

ፓይተን3.11 -ኤም ቬንቭ ኢንቭ

ዊንዶውስ ከሆነ "ፓይ -3.11 -ኤም ቬንቭ ኢንቭ" ነው።

ለወደፊቱ "ኦንሊ ባይነሪ" የሚለውን አማራጭ ":ኦል:" ብለሽ (ሁለት ነጥቦቹ ሳይቀሩ) ከጨመርሽ፣ ዊል ሲያጣ ሰዓት ሳያባክን ወዲያው ይነግርሻል።

ሄለን፦
አዲሱ ውስጥ ስትጭኚ ተራ በተራ አታድርጊ። የመጀመሪያው ችግር ሥሩ እዚያ ነው። ከ20.3 ጀምሮ ያለው የፒፕ ሪዞልቨር (የሚስማሙ ቨርዥኖችን የሚመርጠው ክፍል) በአንድ ትዕዛዝ የሰጠሽውን ሁሉ አብሮ ያሰላል። ለየብቻ ስትጭኚ ግን ሁለተኛው ትዕዛዝ የመጀመሪያውን ሊያፈርስበት ይችላል። ማስጠንቀቂያውን የምታይው ደግሞ ከተጫነ በኋላ ነው።

ከተበላሸው ኢንቫይሮመንት "ፒፕ ፍሪዝ" ብለሽ የተጫኑትን ዝርዝር ከነቨርዥናቸው አታምጪ፤ ግጭቱም አብሮ ይመጣል። ኮድሽ ውስጥ በቀጥታ ኢምፖርት የምታደርጊያቸውን ብቻ ሪኳየርመንትስ ፋይል ላይ ጻፊ። ከጎኑ ኮንስትሬይንትስ የሚባል ሌላ ፋይል ክፈቺና ሁለት መስመር አስገቢ፦

ነምፓይ<2
ፓንዳስ<2.1

ይህ ፋይል በራሱ ምንም አይጭንም። ማንም ፓኬጅ ነምፓይን ጎትቶ ሊያስገባ ሲል ከዚህ ጣሪያ እንዳያልፍ ብቻ ያስራል። ከዚያ፦

ፓይተን -ኤም ፒፕ ኢንስቶል --ድራይ-ረን -አር ሪኳየርመንትስ.ቲኤክስቲ -ሲ ኮንስትሬይንትስ.ቲኤክስቲ

"ድራይ ረን" ሳይጭን ምን ሊጭን እንደነበር ያሳይሻል። ዝርዝሩ ካስደሰተሽ "--ድራይ-ረን" የሚለውን አውጥተሽ ትዕዛዙን ድገሚው።

"ሪዞሉሽን ኢምፖሲብል" ካለ አትደንግጪ። ከላይ ያለውን ዝለይና "ኮንፍሊክቱ የመጣው ከዚህ ነው" ከሚለው በታች ያሉትን መስመሮች አንብቢ። ማን ምን እንደጠየቀ በስም ተጽፏል። ነምፓይ 2 ካልሆነ ያለሽ ፓኬጅ እዚያ ከታየ፣ የእሱን ቨርዥን ቁጥር አውጪለትና ፒፕ ራሱ ወደ ኋላ እየሄደ የሚስማማውን ይፈልግልሽ።

ሩት፦
ሠራ! እንዳልሽው ነው፤ ያ ፓኬጅ ላይ "==" ብዬ አዲሱን ቨርዥን አስሬው ነበር። ቁጥሩን ሳወጣው ፒፕ አንድ የቀደመ ቨርዥን መረጠና ሁሉም ተጫነ። ፒፕ ቼክ ንጹሕ ነው፣ ፓንዳስም ይነሳል፣ ሪፖርቱም ከባለፈው ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር አወጣ። አሁን ከዚህኛው ፍሪዝ አድርጌ ፋይሉን ከኮዱ ጋር አስቀምጫለሁ። የካሌብን ፓንዳስ 2.2.2 ከማስረከቢያው በኋላ በሌላ ኢንቫይሮመንት እሞክረዋለሁ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።