ደም የበዛባቸው የጃፓን ፊልሞች፦ ከ«ባትል ሮያል» ቀጥሎ ምን ልይ? ሰብታይትሉስ ለምን ይዘገያል?

አዲስ ተመልካች (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። «ባትል ሮያል»ን ወድጄዋለሁ፤ የያዘኝ ግን ደሙ ሳይሆን በደሙ መሀል የሚያስቀው ነገር ነው። ሦስት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ቀጥሎ ምን ልይ? ሰው ማሰቃየት ብቻ የሆነውን አልፈልግም። ሁለተኛ፣ «ኢቺ ዘ ኪለር» በእንግሊዝ ዲቪዲ 121 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሌላ ቦታ 129 ተብሎ ተጽፏል። ምኑ ነው የጎደለው? ሦስተኛ፣ ለሌላ ፊልም ያገኘሁት ሰብታይትል መጀመሪያ ላይ ልክ ነው፤ እየቆየ ሲሄድ ግን ከንግግሩ ወደ ኋላ ይቀራል።

የድስት ክዳን

ስሜን ከየት እንዳመጣሁት ፊልሙን ያየ ያውቃል። 42 ተማሪዎች በሦስት ቀን ውስጥ ተገዳድለው አንድ ብቻ እንዲቀር ታዘዋል። ትእዛዙን የምታስረዳቸው በቴሌቪዥን የምትታይ፣ እንደ ልጆች ፕሮግራም አቅራቢ የምትፈነድቅ ወጣት ናት። ከዚያ ቦርሳ ይታደላል፤ ለአንዱ ጠመንጃ ሲደርሰው ዋናው ልጅ የድስት ክዳን ያወጣል። ሳቁ የሚመጣው ከቀልድ አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ እንደ ትምህርት ቤት ሽርሽር በሥርዓት መካሄዱ ነው የሚያስቀው። አንተ የምትፈልገው ይሄን ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል እይ።

መጀመሪያ የዳይሬክተር ታካሺ ሚኢኬ «ዘ ሃፒነስ ኦቭ ዘ ካታኩሪስ» (2001 እ.ኤ.አ.)። አንድ ቤተሰብ ተራራ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ይከፍታል፤ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ይሞትበታል። ስሙ እንዳይጠፋ ሬሳውን እየቀበሩ ይዘፍናሉ። መጀመሪያው ላይ ከሾርባ ውስጥ ክንፍ ያላት ፍጡር ወጥታ ፊልሙ በድንገት የሸክላ አሻንጉሊት ሲሆን «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብለህ እንዳትዘጋው፤ እንደዚያው ነው የተሠራው።

ቀጥሎ «ዋን ከት ኦቭ ዘ ዴድ» (2017)። የመጀመሪያዎቹ 37 ደቂቃዎች ካሜራው ሳይቆረጥ የተቀረጹ ናቸው፤ ትወናው ይደናቀፋል፣ ያለ ምክንያት ዝምታ ይረዝማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያጠፋዋል። አታጥፋ። የሚያስቅህ ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው፤ እያንዳንዱ ስህተት ምክንያቱን ያገኛል። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ስለ ፊልሙ ምንም ሳታነብ እየው።

ቀበና ማዶ

ጋሼ ክዳን ደም የሌለበትን ረሳው። ዳርክ ኮሜዲ (በሞትና በመከራ የሚያስቅ ፊልም) ከተባለ የዳይሬክተር ጁዞ ኢታሚ «ዘ ፊውነራል» (1984) መዘለል የለበትም። አባት ይሞታል፤ ልጅና አማች ለቅሶ እንዴት እንደሚቀመጡ አያውቁም፤ ስለዚህ የቀብር ሥርዓት የሚያስተምር የቪዲዮ ካሴት ከፍተው ምን ተብሎ እንደሚመለስ ያጠናሉ። የሚጸልየው መነኩሴ ደግሞ በሮልስ ሮይስ ከች ይላል። ለቅሶ ቤት ያደገ አማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ ሳያስፈልገው ይስቃል።

ሌላም ነገር፦ ንግግሩ በእንግሊዝኛ ድምፅ የተተካውን አትምረጥ። ጃፓንኛ እንደኛው አንቱታ አለው። ያኩዛው (የጃፓን ወሮበላ) ሊገድለው ያሰበውን ሰው በትሕትና ሲያናግር፣ ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ንቀት ሲወርድ ቀልዱ እዚያ ላይ ነው። በእንግሊዝኛው ሁለቱም አንድ ቃል ስለሚሆኑ ይጠፋል። ኦርጅናል ድምፁን በሰብታይትል እየሰማህ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ አዳምጥ፤ «ማስ» እና «ዴስ» እየተባለ ሲቆይ አክብሮት ነው፤ ድንገት ሲቀር ተጠንቀቅ።

ፍሬም 25

ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄህ በከፊል አንድ በሽታ ናቸው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይቀረጻል፤ የድሮው የአውሮፓ ዲቪዲ (ፓል) ግን በ25 ነው የሚያጫውተው። ስለዚህ ፊልሙ 4 በመቶ ይፈጥናል፣ ያንኑ ያህል ያጥራል። ምንም ሳይቆረጥ 129 ደቂቃው ወደ 124 ይወርዳል። የቀሩት ሦስት ደቂቃዎች ግን እውነተኛ ቆረጣ ናቸው፦ የእንግሊዝ የፊልም መርማሪዎች ከ«ኢቺ» 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ አስወጥተዋል፤ በዋናነት በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትና ስቃይ ነው። አንተ «ማሰቃየት ብቻ የሆነውን አልፈልግም» ካልክ ሙሉውን ፍለጋ ባትደክም እመክርሃለሁ። ሰው ጋብዘህማ በፍጹም።

ሌላ ፊልም ላይ ስትጠራጠር ሙሉውን ደቂቃ በ0.96 አባዛ። የዲስክህ ደቂቃ ከውጤቱ በታች ከሆነ ተቆርጧል። ለምሳሌ «13 አሳሲንስ» (2010) በጃፓን 141 ደቂቃ ነው፤ በፓል ፍጥነት ቢሆን 135 ነበር የሚሆነው። ለውጭ የወጣው 126 ነው፤ ያ ፍጥነት ሳይሆን ሌላ ኤዲቲንግ ነው።

ሰብታይትሉ፦ ለ24 የተሠራ ጽሑፍ በ25 ቪዲዮ ላይ ጭነሃል። ፊልሙ አንድ ሰዓት ሲሞላ 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ይዘገያል። ቪኤልሲ (ቪዲዮ ማጫወቻው) ላይ «ጂ» ወይም «ኤች» ቁልፍ መጫን አይፈታውም፤ እነሱ ጽሑፉን በ50 ሚሊሰከንድ ብቻ ወደፊት ወይም ወደኋላ ስለሚገፉት የሚጠቅሙት ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ሲሆን ነው። ያንተን «ሰብታይትል ኤዲት» በሚባለው ፕሮግራም ክፈት፣ የፍሬም ፍጥነት መቀየሪያውን ከ23.976 ወደ 25 አድርግ፣ በዩቲኤፍ-8 (የፊደል አቀማመጥ ዓይነት ነው) አስቀምጥ። ከዚያ የመጨረሻውን ንግግር ፈትሽ፤ መጀመሪያውን ብቻ አይተህ አትዝጋ።

የድስት ክዳን

ዲስክ ልትገዛ ካሰብክ ደግሞ፦ ዲስክ በየአካባቢው የሚቆለፍበት ቁጥር ሪጅን ይባላል፤ የጃፓን ዲቪዲ ሪጅን 2 ነው፣ እንደ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ። ኢትዮጵያ 5፣ አሜሪካ 1 ናቸው። በብሉ-ሬይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጃፓን ከአሜሪካ ጋር ኤ፣ አውሮፓ፣ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ቢ ናቸው። 4ኬ ዲስክ ሪጅን አይጠይቅም። የጃፓን እትም ብዙውን ጊዜ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል የለውም፤ ከመክፈልህ በፊት የጀርባ ሽፋኑን አንብብ።

አዲስ ተመልካች (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ። በ0.96 ሳባዛው 123.8 መጣ፣ ስለዚህ የኔው ተቆርጧል ማለት ነው፤ ባለበት ይቀመጥ። ሰብታይትሉም ተስተካክሏል። አንድ የቀረኝ፦ ደሙ እንደ ፏፏቴ የሚፈነዳው ለምንድነው?

ቀበና ማዶ

የዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋን «ሳንጁሮ» (1962) መጨረሻ እይ። ሁለት ሰዎች ተፋጠው ረጅም ጊዜ ይቆማሉ፤ አንድ ምት፣ ከዚያ በግፊት የተሞላ ደም ከደረት ይፈነዳል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ ቀለም ጨመሩበት፤ «ሌዲ ስኖውብለድ» (1973) ላይ በነጭ በረዶና በነጭ ኪሞኖ ላይ እንደ ቀይ ቀለም ይረጫል። ሁለቱን በአንድ ምሽት ተከታትለህ እያቸው፤ «ሳንጁሮ» ይቅደም።