ወንድሜ አሜሪካ ጀልባ ላይ ተጎድቶ «ፈርም» እያሉት ነው፤ ምን ይሻለዋል?

የሙጋዷ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ እባካችሁ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ታናሽ ወንድሜ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከገባ አምስት ዓመቱ ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ጎታች ጀልባ ውስጥ ነው የሚሠራው። 28 ቀን ጀልባው ላይ ይኖራል፣ 14 ቀን ቤቱ ያርፋል። ሥራው ባርጆቹን ማሰርና መፍታት ነው። ባርጅ ማለት ሞተር የሌለው፣ እህል ምናምን የሚጫንበት ጠፍጣፋ ጀልባ ነው።

ከሰባት ሳምንት በፊት ሌሊት ላይ የሽቦ ገመዱን ሲያጠብቅ ሽቦው ተበጠሰ። የያዘው ብረት ተፈናጥሮ ትከሻውን መታው፣ ሲወድቅ ደግሞ ጉልበቱን ተጎዳ። ትከሻው ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ብለውታል። ኩባንያው በቀን 30 ዶላር ይሰጠዋል። አሁን ከኢንሹራንሱ ነኝ የሚል ሰው ይደውልና «ቃልህን በድምፅ እንቅዳ፣ ከዚያ ይቺን ወረቀት ፈርመህ 15 ሺህ ዶላር ውሰድ» ይለዋል።

እሱ ሊፈርም ነው። የቤት ኪራይ አለበት፤ የእማዬን መድኃኒት የሚልከውም እሱ ነው። እኔ ስለ ጀልባ የማውቀው ሐይቅ እስጢፋኖስ የተሻገርንበትን ብቻ ነው። 15 ሺህ ዶላር በብር ስመታው ደግሞ ብዙ ሆኖ ታየኝ። ይፈርም ወይስ ይቆይ? እኔስ እዚህ ጠበቃ ልያዝለት? ፒያሳ አንድ ሰውዬ «አሜሪካ ሰው አለኝ፣ 20 ሺህ ብር ስጪኝና አስጨርስልሻለሁ» ብሎኛል።

የደረቅ ወደቡ (ኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ያሽረው። እኔም ጭነት ሳወርድ እግሬን ተጎድቼ ስለነበር ይቺን ነገር አውቃታለሁ። ሕጉ ግልጽ ነው። የመጀመሪያውን 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያለውን 3 ወር ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈለዋል፣ ቢበዛ እስከ 12 ወር። በቀን 30 ዶላር ብሎ ነገር የለም። ሙሉ ደመወዙን ይጠይቅ።

ወረቀቱን ግን በፍጹም እንዳይፈርም። እኔ አሠሪዬ «ለሻይ» ብሎ በሰጠኝ ብር ፈርሜ፣ በኋላ ሳየው «ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» ይላል። እስካሁን ብርድ ሲሆን አነክሳለሁ።

ሉዊዚያና ያለሁ ወሎዬ

እህቴ እግዜር ይማርልሽ። እኔ ራሴ እዚህ ወንዝ ላይ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ስድስት ሰዓት ሥራ፣ ስድስት ሰዓት እረፍት፣ እንደገና ስድስት ሰዓት ሥራ። እንቅልፍ የሚባለውን ጀልባዋ ላይ ተሰናብተሽው ነው የምትወጪው። ደግሞ ጎታች ይባላል እንጂ እዚህ የሚገፋ ነው፤ ባርጆቹን ከፊት አስሮ ነው የሚሄደው። አንዱ ባርጅ 60 ሜትር ገደማ ይረዝማል። እንዲህ ያለውን በደርዘን አስረሽ ስትገፊ ሽቦው ላይ ያለውን ውጥረት አስቢው። ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ነው።

ወንድሜ የደረቅ ወደቡ፣ ያልከው ልክ ነው፤ ግን የእኛ አገር አዋጅ ነው። እዚህ ወንዝ ላይ አይሠራም። እንዲያውም አሜሪካ ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኛ የሚካስበት የክፍለ ግዛት ሕግም መርከበኛን አይመለከተውም። ለመርከበኛ የራሱ ሕግ አለው፤ ጆንስ አክት ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. በ1920 የወጣ ነው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ወንድምሽ ሦስት የተለያየ ጥያቄ አለው፤ ሰውዬው ግን አንድ አስመስሎ በአንድ ወረቀት ሊዘጋበት ነው።

የ30 ዶላሯ ካሳ አይደለችም። መርከበኛ ታሞ ወይም ተጎድቶ መሬት ሲወርድ ለምግብና ለማደሪያ የሚከፈል የዕለት ወጪ ነው። ከሕክምናው ወጪ ጋር አንድ ላይ ይሄዳል። ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን ኩባንያው መክፈል አለበት፣ ሐኪም «ከዚህ በላይ አይሻሻልም» እስኪል ድረስ። ኦፕራሲዮኑ እዚህ ውስጥ ነው። ሐኪም የመምረጥም መብት አለው፣ የግድ ኩባንያው የላከው ጋ አይሄድም። ሆን ብለው ከከለከሉት ደግሞ ይቀጣሉ፤ በ2009 (በፈረንጆች) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህንኑ ወስኗል። የሚገርመው ያ ከሳሽም የጎታች ጀልባ ሠራተኛ ነበር፤ ትከሻውን ነበር የተጎዳው።

ሁለተኛው ራሱ ጆንስ አክት ነው። ኩባንያው ቸልተኛ ከነበረ ወደፊት የሚቀርበትን ገቢ፣ የደረሰበትን ሕመምና ስቃይ ሁሉ ይጠይቃል። ቸልተኝነቱ ለጉዳቱ ትንሽ አስተዋጽኦ ማድረጉን ማሳየት በቂ ነው። እሱ ራሱ ያጠፋው ካለ በዚያ ልክ ይቀነስበታል እንጂ ጨርሶ አይከለከልም። ሦስተኛው ጀልባዋ ወይም ዕቃዋ ለሥራ ብቁ ካልነበረ ባለቤቱ የሚጠየቅበት ነው። ያረጀ ሽቦ ማለት ይሄ ነው።

ጊዜው ሦስት ዓመት ነው። በሰባተኛው ሳምንት የሚያጣድፍ ነገር የለም። የሚያጣድፈው ሰውዬውን ነው፤ ኦፕራሲዮኑ ሳይሠራ ትከሻው ስንት እንደሚያወጣ ማን ያውቃል? ድምፁንም እንዳይሰጥ። «ጠበቃዬ ያናግርሃል» ብሎ ስልኩን ይዝጋ።

ጠበቃ ነኝ (ኮምቦልቻ)

ከላይ የተጻፈው ጥሩ ነው፤ ከእኔ በኩል አጭር ነገር ልጨምር።

እዚህ ጠበቃ አትያዢ፣ ገንዘብሽን ነው የምታባክኚው። ባለጉዳዩ እሱ ነው፣ የሚፈርመውም እሱ፣ ጠበቃውም የመርከብ ጉዳይ የሚይዝ የአሜሪካ ጠበቃ መሆን አለበት። እዚያ አብዛኞቹ ቅድሚያ አይቀበሉም። ከሚገኘው ሲሶ ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ይወስዳሉ፣ ካልተገኘ የአገልግሎት ክፍያ የለም። የሐኪምና የፍርድ ቤት ወጪ ከየት እንደሚቀነስ ግን ውሉ ላይ አንብቦ ይፈርም። የፒያሳውን ሰውዬ ደግሞ ሰላም በይውና እለፊው። 20 ሺህ ብር ተቀብሎ አሜሪካ ያለ ጉዳይ የሚያስጨርስ ሰው የለም።

ለደረቅ ወደቡ ወንድሜም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል፣ ይሄ የእኛ ሕግ ጥሩ ጎኑ ነው። ግን ልክ አለው። ሙሉ ለሙሉ መሥራት የማይችል ሠራተኛ የሚያገኘው የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ ነው። እነሱ ጋ ለካሳው ቸልተኝነትን ወይም የዕቃን ጉድለት ማስረዳት አለብህ፣ ካስረዳህ ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም። የራስህን ወረቀት ይዘህ ቢሮ ና፣ እንየው።

ሸዋ በር

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የጻፈውን ሁሉ ያጥፋ። እነዚህ ሰዎች ያያሉ።

የሙጋዷ (ደሴ)

ኧረ ቆይ! ስለ ቴሌግራም ካነሳችሁ። አደጋው ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት ድምፅ ልኮልኝ ነበር። አሁን መልሼ ሰማሁት። ነፋሱ ይጮሃል፣ ከጀርባ ሞተሩ ይሰማል። «ይቺ ሽቦ ጭራዋ ሁሉ ተበጣጥሷል፣ ለካፒቴኑ ነግሬዋለሁ፣ ቀጣዩ ወደብ ላይ እንቀይራለን ብሎኛል» ይላል። ፎቶም አለው፤ የሽቦው ክር እንደ ተበተነ ስፌት ወጣ ወጣ ብሏል። እኔ ያኔ «እጅህን ጓንት አድርግ» ብዬ መልሼለት ተኛሁ።

ከአደጋው በኋላ ግን ሌላ ልኳል፦ «የኔ ጥፋት ነው፣ ቸኩዬ ነው» ይላል። ይቺን ላጥፋት?

ሉዊዚያና ያለሁ ወሎዬ

ኧረ በፈጠረሽ ምንም እንዳታጠፊ! እሱም አያጥፋ። ሸዋ በር ወንድሜ፣ ለበጎ እንዳልከው አውቃለሁ፣ ግን ማስረጃ ማጥፋት ጉዳዩን ገደል ነው የሚከተው። ከአሁን ወዲህ አዲስ አይጻፍ፣ ያለው እንዳለ ይቀመጥ። «ቸኩዬ ነው» ማለቱ ቢበዛ ካሳውን ይቀንስበታል። ያቺ የመጀመሪያዋ ድምፅ ግን ወርቅ ናት። ካፒቴኑ ሽቦው ማርጀቱን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከዚህ በፊት ትከሻውን ተጎድቶ ያውቃል? ሲቀጠር የጤና ፎርም አስሞልተውታል።

የሙጋዷ (ደሴ)

ልጅ እያለ ሆጤ ሜዳ ኳስ ሲጫወት ወልቆበት ወጌሻ መልሶለታል። ፎርሙ ላይ ይሙላው አይሙላው አላውቅም።

ሉዊዚያና ያለሁ ወሎዬ

ለጠበቃው መጀመሪያውኑ ይንገረው። ሆን ብሎ ደብቋል ከተባለና ጉዳቱ እዚያው ቦታ ከሆነ የዕለት ወጪውንና ሕክምናውን ሊከለክሉት ይችላሉ። ጠበቃው ቀድሞ ካወቀ መላ ያበጅለታል። ከኩባንያው ጠበቃ አፍ ከሰማው ግን ያመዋል።

የሙጋዷ (ደሴ)

ማታ ደወልኩለት። ለሰውዬው «ጠበቃ ይዤ እመለሳለሁ» ብሎት ዘጋው። ነገ ኒው ኦርሊንስ ካለ ጠበቃ ጋር ቀጠሮ አለው፤ ማናገሩ በነፃ ነው አሉት። የእማዬን የዚህ ወር መድኃኒት እኔና እህቴ ተካፍለን እንገዛለን ስለው ነው ልቡ ያረፈው። አላህ ይስጣችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለቱንም ብያለሁ!

የመጨረሻ ጥያቄ። ድምፁን ለጠበቃው እንዴት ልላክ?

ጠበቃ ነኝ (ኮምቦልቻ)

አንቺ ምንም አትላኪ። በእሱም ስልክ አለ፣ እሱ ያሳየው፤ ጠበቃው ካንቺ ከፈለገ ራሱ ይጠይቅሻል። አንቺ ቻቱ ላይ መልእክት በራሱ የሚያጠፋ ሰዓት ተሞልቶ ከሆነ ሰዓቱን ብቻ ዝጊው፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት አንሺ። ስልኩን ደግሞ ለልጅ ጌም መጫወቻ አትስጪ።

የሙጋዷ (ደሴ)

ከእጁ ቀምቼዋለሁ። እያለቀሰ ነው 😄