የተሰነጠቀ ፓራውልት እንዴት ይጠገን?

ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት። መኪናዬ በፈረንጆቹ የ1997 ሞዴል ኮሮላ ናት። የፊት ፓራውልቷ (የፕላስቲክ የግጭት መከላከያዋ) በቀኝ በኩል ከመብራቱ ስር እስከ ጥጉ ተሰንጥቋል። ከፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ካለው የጎን አካል) ጋር የሚያያዝበት ጆሮም ተሰብሯል። ፕላስቲኩ ከጀርባው «ፒፒ» (ፖሊፕሮፒሊን የተባለ የፕላስቲክ ዓይነት) የሚል ምልክት አለው።

በሱፐር ግሉ አጣበቅኩት፤ የደጀን መንገድ ንዝረት አላቀቀው። ከዚያ አንድ ላሜራ ሠሪ ስቱኮ (ሲደርቅ የሚጠነክር መሙያ) ሞላበት። እሱም ተሰነጣጥቆ ረገፈ (ስቱኮ ለቆርቆሮ እንጂ ለሚተጣጠፍ ፕላስቲክ መቼ ይሆናል!)። የሾፌሩ በር የጎን ፕላስቲክም ክሊፖቹ ተሰብረው ይንኳኳል፤ እሱ እንኳ ክሊፕ ከተገኘ ቀላል ነው።

ያገለገለ ፓራውልት ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ማስመጣት ይቻላል። ግን ቀለሙ ካልገጠመ ማስቀባቱ ሌላ ወጪ ነው። ስንጥቁን ከጀርባ በጋለ ብረት እያቀለጡ፣ ቀጭን የሽቦ ወንፊት ቀብሮ መበየድ የኮረኮንች መንገድ ይችላል ወይ?